እንግሊዝ አገር ጁሪ ሆኜ ሁለት ሳምንት ጨረስኩ፤ መናገር የምችለውን ጠይቁኝ

ጦቢያው በለንደን፦

ሰላም ወገን። ባለፈው ዓመት ከሥራ ስገባ በር ሥር አንድ ፖስታ ወድቆ አገኘሁ። የመንግሥት ደብዳቤ ሳይ ሆዴ ይባባል። የትራፊክ ቅጣት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ስከፍተው ለካ «ጁሪ ሆነህ ና» ነው። ጁሪ ማለት ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑ፣ በዕጣ የወጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል።

ሄድኩ። አሥር የሥራ ቀን አገልግዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ድግስ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር የምጠየቀው ነገር አንድ ነው፦ «አሥራ ሁለት የማይተዋወቅ ሰው እንዴት ይስማማል?» እዚህ ልጻፈውና ሊንኩን እየላክሁ ልገላገል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ግን፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት ለስንት እንደነበርን አልናገርም። እዚህ አገር ያንን ማውጣት ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ፍርዱ ካለቀ በኋላም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ነው። ባለቤቴ የመጨረሻው ቀን ቡና አፍልታ፣ ፈንድሻ ቆልታ ነበር የጠበቀችኝ። አቦሉን ጠጥተን «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች። «ከዚያማ አልችልም» አልኳት። ቶናው ላይ አኮረፈች።

ስለዚህ የምነግራችሁ ማንም ችሎት ገብቶ የሚያየውንና ሕጉ ላይ ያለውን ነው።

መጀመሪያ የሚገርማችሁ መጠበቁ ነው። የጁሪ ማረፊያ የሚሉት ሰፊ ክፍል አለ። የቡና ማሽን አለ፤ ግማሽ ቁርጥራጩ የጠፋ ፓዝል አለ። ስትጠራ አሥራ አምስት ያህል ሆናችሁ ወደ ችሎት ትገባላችሁ። የችሎቱ ጸሐፊ የስም ካርዶቹን እንደ ካርታ በውዛ አሥራ ሁለት ታወጣለች። ምርጫው በቃ ይኸው ነው። ተከሳሹን ወይም ምስክሮቹን የምታውቁ ካላችሁ ተናገሩ ይባላል እንጂ ምን ሠርተህ ትኖራለህ፣ ስለ ፖሊስ ምን ታስባለህ የሚልህ የለም።

ለመሐላው መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡኝ። በማስረጃው መሠረት እውነተኛ ፍርድ እሰጣለሁ ብዬ ማልሁ። ከዚያ ሳላስበው መጽሐፉን ተሳለምኩት፤ ግንባሬን አስነክቼ ሳምኩት። የችሎት አስተናባሪዋ መጽሐፉን ልትቀበለኝ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

ዲሲ ታክሲ፦

ጠበቃ ሳይጠይቃችሁ? የሚገርም ነው። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ተጠርቼ ግማሽ ቀን ስንጠየቅ ዋልን። «ዘመድህ ፖሊስ ነው ወይ? ተዘርፈህ ታውቃለህ?» ተባልኩ። ታክሲ ነጂ መሆኔን ሲሰማ አንደኛው ጠበቃ አሰናበተኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ደግሞ እኛ ጋ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ጁሪው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «እኔ እንዲህ ብዬ ነበር» ይላል። አንተ ለሚስትህ እንኳ አትናገርም?

ጦቢያው በለንደን፦

ለሚስቴ እንኳ። ያለ ምክንያት ጁሪ ማስወጣት ድሮ እዚህም ነበር፤ በ1988 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሕግ አስቀሩት። አሁን ሰው ለማስነሳት ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል። እሱም እምብዛም አይታይም።

የማርታ ልጅ፦

እኔ ለንደን ስድስት ዓመቴ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት አለኝ። ይጠሩኛል ማለት ነው? ልብሴን ላዘጋጅ?

ጦቢያው በለንደን፦

ገና ነሽ። ስሙ የሚወጣው ከመራጮች መዝገብ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘሽ እዚህ መዝገብ ውስጥ አትገቢም። ዜግነት ወስደሽ፣ ለምርጫ ተመዝግበሽ፣ ከ13 ዓመትሽ ወዲህ ቢያንስ አምስት ዓመት እዚህ ኖረሽ ከሆነ፣ ያኔ ዕጣው ውስጥ አለሽ። ከ2004 ወዲህ ደግሞ ዳኛም፣ ፖሊስም፣ ቄስም አይቀሩም።

እሺ፣ ወደ ዋናው። ማስረጃው አልቆ ዳኛዋ ወደ ጁሪው ዞራ ሕጉን ታስረዳለች። ሕጉ የሷ፣ ፍሬ ነገሩ የጁሪው ነው። ማን ዋሸ፣ ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን የሚወስኑት አሥራ ሁለቱ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ ጥያቄዎች በተራ የተጻፉበት ወረቀት ይሰጣል። የኛን አላወጣም። ለምሳሌ ክሱ ድብደባ ሆኖ ተከሳሹ «ራሴን ስከላከል ነው» ቢል እንዲህ ዓይነት ነገር ይሆናል፦

«ጥያቄ 1፦ ተከሳሹ ሰውየውን መምታቱን እርግጠኞች ናችሁ? ካልሆናችሁ ጥፋተኛ አይደለም፤ እዚሁ አቁሙ። ከሆናችሁ ወደ ጥያቄ 2 እለፉ።
ጥያቄ 2፦ ራሱን ለመከላከል የመታ አለመሆኑን እርግጠኞች ናችሁ? ካልሆናችሁ ጥፋተኛ አይደለም። ከሆናችሁ ጥፋተኛ ነው።»

ሁለተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። እኔ ሦስቴ ነው ያነበብኩት እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ሳይ። ተከሳሹ ራሱን ተከላክሎ መሆኑን ማስረዳት የለበትም። አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። ብዙ ክስ እዚች ጋ ነው የሚወድቀው ወይም የሚቆመው።

ከዚያ አስተናባሪዋ ማንንም ወደነሱ አላስጠጋም ብላ ትምላለች። ስልክ ይሰበሰባል፤ በሩ ይዘጋል። ውስጥ ምን ዓይነት ሥርዓት አለ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የለም። ፎርማን የሚባል ሰብሳቢ ምረጡ ይባላል። ከዚያ በኋላ እጅ ማውጣትም፣ በቁራጭ ወረቀት መጻፍም፣ በየተራ መናገርም የራሳቸው ጉዳይ ነው። ጥያቄ ካላቸው ለዳኛዋ ጽፈው ይልካሉ። ስንት ለስንት እንደሆኑ ግን እንዳይጽፉ ይነገራቸዋል።

ዲሲ ታክሲ፦

ፎርማን ስትል እኔ ኮንዶሚኒየም ሳይት ነው የታየኝ፤ ሄልሜት አድርጎ፣ ሲሚንቶ እያስቆጠረ።

ፍሬው 77፦

«እርግጠኛ» ማለት ስንት ፐርሰንት ነው? 90? 95?

ጦቢያው በለንደን፦

ቁጥር አይሰጡህም! ድሮ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» ይሉት ነበር። አሁን ዳኞቹ «እርግጠኛ ከሆናችሁ» ብለው ያልፋሉ። ትርጉሙን ብትጠይቃቸውም ብዙ አይጨምሩልህም።

በ2013 ሳውዝዋርክ ክራውን ኮርት (ከባድ ወንጀል በጁሪ የሚታይበት ፍርድ ቤት ነው) የሆነውን ላውራህ። የቀድሞው የኢነርጂ ሚኒስትር ክሪስ ሂውን ከዓመታት በፊት በፍጥነት ሲነዳ የተያዘበትን የመንጃ ፈቃድ የቅጣት ነጥብ የያኔዋ ባለቤቱ ቪኪ ፕራይስ በስሟ ወስዳለት ነበር። ከተፋቱ በኋላ ነገሩ ወጣና ሁለቱም ተከሰሱ። እሱ አመነ፤ እሷ ተከራከረች። ጁሪዋ ገብቶ አሥር ጥያቄ ጽፎ ላከ። አንዱ ምን ይላል? ችሎት ላይ ባልቀረበ፣ ምንም ማስረጃ በማይደግፈው ምክንያት መወሰን እንችላለን ወይ? ዳኛው ደነገጠ። ሌላው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ምን ማለት ነው የሚል ነበር። መልሱም ምክንያታዊ የሆነ ጥርጣሬ ማለት ነው ከማለት እምብዛም አልራቀም። በመጨረሻ አልተስማሙም፤ ዳኛው በተናቸው። አዲስ ጁሪ ተሰብስቦ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጥፋተኛ አላት።

በዚያን ሰሞን ጋዜጣው ሁሉ በነዚያ ሰዎች ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ አልስቅባቸውም። ሳይገባቸው ዝም ብለው ቢፈርዱ ይሻል ነበር?

የሺ ከሌስተር፦

ሁሉም ካልተስማሙስ? አንዱ ድርቅ ቢል?

ጦቢያው በለንደን፦

መጀመሪያ ሁላችሁም ተስማሙ ነው የሚባለው። 12 ለ0። እስከ 1967 ድረስ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ አንድ ሰው ድርቅ ካለ አለቀ፣ ጁሪው ይፈርሳል። ወንበዴዎቹ ደግሞ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አሥራ ሁለቱን መግዛት ምን ያደርጋል? አንዱን ማስፈራራት ይበቃል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮይ ጄንኪንስ ሕጉን ያስለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን 11 ለ1 ወይም 10 ለ2 ይበቃል። 9 ለ3 አይሆንም።

ግን ወዲያው አይደለም። ሕጉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይምከሩ ይላል። በተግባር ዝቅተኛው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። አሥሯ ደቂቃ ደረጃ ወጥቶ ወንበር ለመያዝና ፎርማን ለመምረጥ የተሰጠች ምርቃት ናት። ረጅም ክስ ከሆነ ዳኛው ብዙ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ይጠራቸውና «ካልተቻለ አሥር የተስማማችሁበትን እቀበላለሁ» ይላቸዋል።

ሰው ታሞ ሲቀነስ ሒሳቡም ይቀየራል። 11 ከቀሩ 10 ለ1፣ 10 ከቀሩ 9 ለ1። 9 ከቀሩ ሁሉም መስማማት አለባቸው። ከዚያ በታች ጁሪ የለም። አሥርም ካልተስማሙ ይበተናሉ፤ ዐቃቤ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ጁሪ እንደገና ይሞክራል። ሁለተኛውም ካልተስማማ በልማድ ይተዋል።

አሁን የምወዳት ክፍል። ጥፋተኛ ነው ካሉ ጸሐፊዋ ስንት ለስንት ብላ ትጠይቃለች። ፎርማኑ «አሥር ተስማምተዋል፣ ሁለት አልተስማሙም» ብሎ በአደባባይ ይናገራል። ጥፋተኛ አይደለም ካሉ ግን ያ ጥያቄ አይጠየቅም። ሁሉም ይሁኑ አሥሩ፣ ማንም አያውቅም። ነፃ የወጣ ሰው «ሁለቱ እኮ ጥፋተኛ ብለውት ነበር» እየተባለ እንዳይኖር ነው።

ስኮትላንድ ያላችሁ ልጆች፣ ይህ እናንተን አይመለከትም። እዚያ ጁሪው 15 ነው፤ ሕጉም ሌላ ነው።

የአራት ኪሎ ጠበቃ፦

ሰላም። እኔ አዲስ አበባ በጥብቅና ነው የምተዳደረው። ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ምክንያቱ የታለ?

እኛ ጋ ዳኛ የቱን ማስረጃ ለምን እንደተቀበለ፣ የቱን ለምን እንደጣለ መጻፍ አለበት። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 149 በግልጽ ያዛል። ሦስት ዳኛ ተሰይሞ አንዱ ካልተስማማ የልዩነት ሐሳቡን ይጽፋል። ደንበኛዬ ሲፈረድበት ያንን ፍርድ ይዤ «እዚህ ገጽ ላይ ተሳስተዋል» ብዬ ይግባኝ እላለሁ። እናንተ ጋ «ጥፋተኛ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ምኗን ይዤ ልከራከር?

የሚያስቀው ደግሞ ያንን ሥነ ሥርዓት ሕግ በማርቀቅ ትልቁን እጅ የያዘው እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ነው። ጁሪውን ግን አላመጣልንም። አስቦበት ነው እላለሁ።

ጦቢያው በለንደን፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። እዚህ ይግባኝ የሚባለው ጁሪው ባለው ላይ ሳይሆን ለጁሪው በተነገረው ላይ ነው። ዳኛው ሕጉን አጣሞ አስረድቶ እንደሆነ፣ መግባት የሌለበት ማስረጃ ገብቶ እንደሆነ፣ አዲስ ማስረጃ ተገኝቶ እንደሆነ። ያ ቅድም ያሳየኋችሁ ወረቀት ለዚህ ይረዳል፤ በምን መንገድ እንዳለፉ ቢያንስ ደረጃውን ታያለህ። ከዚያ ይግባኝ ሰሚው «ይህ ፍርድ ያስተማምናል ወይ?» ብሎ ይመዝናል። ውስጥ የተባለውን ግን አይሰማም። አንዱ ጁሪ ወጥቶ «ጓደኞቼ እንዲህ እንዲህ አሉ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ፣ በመርህ ደረጃ በሩ ዝግ ነው።

ጋሼ ካዛንቺስ፦

ልጆች፣ ማንችስተር ከመጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። እኔን ከእንግዲህ አይጠሩኝም፤ 75 አልፌአለሁ። ድሮ ጣሪያው 70 ነበር፣ በ2016 መጨረሻ ላይ ነው ከፍ ያደረጉት።

ጠበቃው ልጅ ያነሳው ነገር አውጫጭኝን አስታወሰኝ። አያቴ ይነግሩን ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ይደር፣ ከብት ይራብ፣ አይሄድም። እንግሊዞቹም ነገሩን የጀመሩት ከዚያ ብዙ ሳይርቁ ነው። በ1166 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ከየአካባቢው አሥራ ሁለት ሰው እየማለ ነፍሰ ገዳይና ቀማኛ ብሎ የሚጠረጥረውን እንዲጠቁም አዘዘ። ያን ጊዜ የሚፈለገው ነገሩን የሚያውቅ ጎረቤት ነበር። ዛሬ ነገሩን የምታውቅ ከሆነ ትባረራለህ። ተገልብጦ ቁጭ!

አስሮ ማስወሰኑም ነበራቸው። በ1670 ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የሚባሉ ሁለት ሰባኪዎች ለንደን መንገድ ላይ ሰበኩ ተብለው ኦልድ ቤይሊ የሚባለው የለንደን የወንጀል ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጁሪው ዳኞቹ የፈለጉትን አልልም አለ። ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ እሳት፣ ሽንት መሽኛ እንኳ ሳይሰጣቸው ሁለት ሌሊት ተዘጋባቸው። ጭራሽ «ጥፋተኛ አይደሉም» ብለው ወጡ። ዳኞቹ ቀጧቸው፤ አንከፍልም ያሉት እስር ቤት ገቡ። ከነሱ አንዱ ኤድዋርድ ቡሼል ጉዳዩን ወደ ላይ ወሰደው። ጁሪ በሰጠው ፍርድ አይቀጣም የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው የጸናው። ኦልድ ቤይሊ ውስጥ የመታሰቢያ ጽሑፍ አላቸው።

የአራት ኪሎው ጠበቃ ይቅር ይበለኝና፣ ምክንያት አለመጻፉ ለዚህም ይጠቅማል። ምክንያት የማይጠየቅ ሰው እምቢ ማለት ይችላል። በ1984 ክላይቭ ፖንቲንግ የሚባል የመከላከያ ሚኒስቴር ሹም እንግሊዞች ያሰጠሟት የአርጀንቲና የጦር መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖ ስለሰጠመችበት ሁኔታ ሰነድ አውጥቶ ለፓርላማ አባል ሰጠ። ዳኛው የመንግሥት ጥቅም ማለት በጊዜው ያለው መንግሥት የሚለው ነው ብሎ ለጁሪው አስረዳ። ጁሪው በ1985 ነፃ ለቀቀው። በ2005 ደግሞ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ማንም ዳኛ ጁሪን «ጥፋተኛ በሉ» ብሎ ማዘዝ አይችልም አሉ።

ዲሲ ታክሲ፦

ጋሼ፣ ያ ዊልያም ፔን የኛው የፔንሲልቫኒያው ነው? በስሙ በተጠራ አገር ስንት ጊዜ ነድቼ አልፌአለሁ፣ እስር ቤት መግባቱን አሁን ሰማሁ!

ጋሼ ካዛንቺስ፦

እሱው ነው ልጄ።

የአራት ኪሎ ጠበቃ፦

ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ያው ዝምታ መጥፎውንም ይሸፍናል። ፖንቲንግን ያዳነ ጁሪ አለ ብለው ሲነግሩኝ፣ በጥላቻ የፈረደውንስ በምን አውቀዋለሁ?

ነገር ፈላጊ፦

አመሰግናለሁ ጠበቃው። ሁላችሁም እየዞራችሁት ነው። የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ልጅ ቆሞ፣ አሥራ ሁለቱም ነጭ ሆነው፣ እውነት ይዳኛል?

የሺ ከሌስተር፦

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ዩኒቨርሲቲ ስማር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኗ ፕሮፌሰር ሸሪል ቶማስ በ2010 ያወጣችውን ጥናት አነበብኩና ሐሳቤን ቀየርኩ። ለጥናት ተብሎ በተቀረጸ ችሎት ላይ፣ በዕጣ የወጡ እውነተኛ ጁሪዎችን አስቀምጣ አንዱን ጉዳይ የተከሳሹን ዘር እየቀያየረች አሳየቻቸው። ሁሉም ነጭ የሆኑትም በዘር አላዳሉም። በእውነተኛዎቹ ፍርዶች ደግሞ ጁሪዎች ጥፋተኛ የሚሉት 64 በመቶውን ነው። ሳይስማሙ የሚበተኑት ከ1 በመቶ በታች ነው፤ እኔ ይህን በጣም ከፍ አድርጌ ነበር የምገምተው።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ዳኛው በቃል ያስረዳውን ሕግ በሕጉ ቋንቋ በትክክል የተረዱት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። አጭር ጽሑፍ ሲጨመር 48 ደረሰ። ጦቢያው ያሳየን ወረቀት ቀልድ አይደለም።

ነገር ፈላጊ፦

ጥናት ነው እንግዲህ። ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መንገድ ላይ የሚያስቆመውን ፖሊስስ ማን ያጠናልን?

የሺ ከሌስተር፦

እሱ ላይ አልከራከርህም። ዴቪድ ላሚ በ2017 ያወጣው ሪፖርትም የሚለው ወደዚያ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ብዙ ችግር አገኘ፤ ጁሪውን ግን አመሰገነ። አሁን ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኖ በ2025 መጨረሻ ላይ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ እስራት የሚጠብቃቸውን ክሶች ያለ ጁሪ ዳኛ ብቻውን ይየው አለ። ተራ የሚጠብቀው ክስ ወደ 80,000 ተጠግቷል ብሎ ነው። ግድያና አስገድዶ መድፈርን አይነካም። ያም ሆኖ ሰዉ ተንጫጫ።

ፍሬው 77፦

እኔ እንዲያውም ይቀንሱት ባይ ነኝ። ኡበር ነው የምነዳው። የቀረ ገቢህን እንከፍላለን ይሉሃል፣ ጣሪያ አለው። በሁለት ሳምንት የመኪናው ኪራይ አይጠብቀኝም።

ጦቢያው በለንደን፦

የገንዘቡን ነገር አታንሳብኝ። አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ እኔንም ጎድቶኛል። ግን ያው ለሁሉም አይደለም እኮ። አብዛኛው ክስ ጁሪ በሌለበት በታችኛው፣ በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ያልቃል። ክራውን ኮርት ከደረሰውም ብዙው ያምናል። ጁሪ ፊት የሚደርሰው ጭላጩ ነው።

አስተርጓሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ፍርድ ቤት አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሥራዬ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ፣ መስታወቱ ጀርባ፣ ከተከሳሹ ጎን ቁጭ ብሎ ጆሮው ላይ ማንሾካሾክ ነው። ስለዚህ ፍርዱን እናንተ ከማታዩት ወገን ነው የማየው።

ጁሪው ሲገባ ተከሳሹን ቀና ብለው ካላዩት ፈርደውበታል የሚባል ወሬ አለ። ጠበቆቹ ሳይቀሩ ይሉታል። አትመኑ። ጫማቸውን እያዩ ገብተው ነፃ የለቀቁ አይቻለሁ። ፈገግ ብላ ገብታ ጥፋተኛ ያለችም አይቻለሁ።

ጸሐፊዋ ፎርማኑን ታስነሳለች። መጀመሪያ ጥፋተኛ ነው አይደለም አትለውም። «ሁላችሁም የተስማማችሁበት ፍርድ አላችሁ? አዎ ወይም አይደለም ይበሉ» ነው የምትለው። ያን ጊዜ አጠገቤ ያለው ሰው አተነፋፈስ ይለወጣል። ጥያቄው ፍርዱ መስሎት «አዎ» ሲባል ብድግ ያለ ሰው ገጥሞኛል። አሁን አስቀድሜ በምሳ ሰዓት፣ ጠበቃው ባለበት፣ ሁለት ጥያቄ ነው የሚጠየቀው ተብሎ እንዲነገረው አደርጋለሁ።

ከዚያ ፍርዱ። እንግሊዝኛው «ኖት ጊልቲ» ነው፤ «ኖት» ስትመጣ አዳራሹ ይተነፍሳል። አማርኛ ግን «አይደለም»ን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። መጀመሪያ የገጠመኝ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት አይሞላውም። «ጥፋተኛ» ብዬ ስጀምር ጉልበቱ ሲከዳው አየሁ። «አይደለህም» እስክል ድረስ ክርኔን ጨምድዶ ይዞት ነበር። ግማሽ ሰከንድ አትሞላም። ሁለት ቀን ምልክቱ አልለቀቀኝም።

አሁን «አይደለህም፣ ጥፋተኛ አይደለህም» ነው የምለው። ሰዋስው ይቅር።

ጋሼ ካዛንቺስ፦

እግዜር ይስጥሽ ልጄ።

ነገር ፈላጊ፦

እኔ እንኳ ዝም አልኩ።

ፍሬው 77፦

ጦቢያው፣ ስልክ ይሰበሰባል ብለሃል። ማታ ቤት ገብቼ የተከሳሹን ስም ጎግል ባደርግ ማን ያውቃል?

ጦቢያው በለንደን፦

ፍሬው፣ እንዳትሞክረው። አጠገብህ ያለው ጁሪ ይናገርብሃል፤ መናገርም አለበት። በ2011 አንዲት የማንችስተር ጁሪ ተከሳሿን በፌስቡክ አነጋግራ 8 ወር ተፈረደባት። በዓመቱ ሌላዋ የተከሳሹን ያለፈ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ለጁሪ ጓደኞቿ ስለነገረች 6 ወር ገባች። አሁን መፈለጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል።

የፍለጋ ነገር ካነሳህ ይቺን ሳልነግርህ አላልፍም። እስከ 1994 ድረስ ምክክር ከተጀመረ ቤት መሄድ የለም፤ ካላለቀ ሆቴል ያሳድሯቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሆቭ ከተማ የሁለት ሰው ግድያ የሚያይ ጁሪ ብራይተን ሆቴል አደረ። አራቱ ማታ ጠጣ ጠጣ አደረጉና ፊደል ጽፈው፣ ብርጭቆ ደፍተው ሙታን መጥራት ጀመሩ። ከሟቾቹ አንዱን «ማን ገደለህ?» ብለው ጠየቁት! መለሰላቸው። በማግሥቱ ሁሉም ጥፋተኛ አሉ።

ነገሩ ሲወጣ ይግባኝ ሰሚው ተጨነቀ። ክፍሉ ውስጥ የሆነውን መስማት አይቻልም፣ ያልነው እሱ ነው። ዘዴው ምን ሆነ? ሆቴሉ የጁሪ ክፍል አይደለም፣ ስለዚህ ማየት እንችላለን አሉ። ፍርዱ ተሻረ፤ አዲስ ጁሪ ያለ ጠንቋይ አይቶ እንደገና ጥፋተኛ አለው።

የአራት ኪሎ ጠበቃ፦

እና ያን ብርጭቆ የጁሪው ክፍል ውስጥ ደፍተውት ቢሆን ፍርዱ ይጸና ነበር እያልከኝ ነው?

ጦቢያው በለንደን፦

እኔም ያችን ነገር ነው ሌሊት የማስባት።

ሰናይት ከክሮይደን፦

ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። የተጠራሁበት ሳምንት የእህቴ ሠርግ ነው፣ አዲስ አበባ። ቲኬት ቆርጫለሁ። ምን ይሻለኛል?

ጦቢያው በለንደን፦

እንኳን ደስ አላችሁ። አንድ ጊዜ ማስተላለፍ ትችያለሽ። ቅጹ ላይ ምክንያትሽንና በቀጣዩ 12 ወር ውስጥ የሚመችሽን ቀን ጻፊ፤ የቲኬቱን ቅጂ አያይዢ። ዝም ብለሽ ብቻ አትቅሪ።

ሰናይት ከክሮይደን፦

እሺ ወንድሜ። ስሄድ ምን ልያዝ?

ጦቢያው በለንደን፦

መጽሐፍ። ወፍራም።